ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል? ሼር ማድረግስ ያሳስራል?

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በውስጥ መስመር የምትልኩልን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያው ነው። "ሰልፍ ብንወጣ ፈቃድ ማን ይሰጠናል?" "ይቺን ፖስት ሼር ባደርግ እታሰራለሁ?"

ከሰልፉ እንጀምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብት አለው ይላል። ዝርዝሩ ያለው ግን ከሕገ መንግሥቱ በሚቀድመው በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ይሄ አዋጅ "አስፈቅዱ" አይልም፤ "አሳውቁ" ነው የሚለው። አዘጋጆቹ ዓላማውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፈው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ያስገባሉ፤ ከተማ ከሆነ ለከንቲባው፣ ገጠር ከሆነ ለወረዳው አስተዳደር። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። "ጭራሽ አይደረግም" የማለት ሥልጣን የለውም። (ይቺን አንዳንድ ኃላፊዎችም የሚያውቋት አይመስለንም።)

ገደብ ግን አለ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል በ100 ሜትር ዙሪያ ሰልፍ ክልክል ነው። ስለዚህ የድጓ ተማሪዎች በሚያዜሙበት በቤተ ልሔም ደጃፍ መፈክር ማሰማት አይቻልም። በገበያ ቀን ገበያ መሃልም እንደዚያው፤ አርብ ገበያ ላይ አርብ ቀን ማለት ነው።

ይሄ የወረቀቱ ነው። ሐምሌ 28/2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ስብሰባና ሰልፍ ታገደ። የሞባይል ዳታም ለወራት እንደጠፋብን አትረሱትም። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ሊገደቡ አይችሉም ብሎ ከዘረዘራቸው መብቶች ውስጥ የመናገርና የመሰብሰብ መብት የሉም። አዋጁ ጥር 2016 ላይ ለ4 ወር ተራዝሞ ከዚያ ጊዜው አበቃ። እስሩ ግን አላበቃም፤ ከመስከረም 18/2017 ጀምሮ በክልሉ በጅምላ ሰው መታሰሩን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል።

ወደ ስልካችሁ እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል። ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዲጠላ ወይም እንዲጠቃ የሚቀሰቅስ ነገር መለጠፍ እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት ያስከትላል። ሐሰተኛ መረጃ ደግሞ እስከ 1 ዓመት፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከተለጠፈ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ላይክና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም። ሼር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለብዙ ሰው እያደረሳችሁት ነው።

ስህተት ሁሉ ወንጀል አይደለም። ለጥያቄ የሚያቀርበው ሐሰት መሆኑን እያወቃችሁ ወይም ማወቅ ሲገባችሁ፣ ሁከትና ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ሰፊ የሆነ ነገር ስታሰራጩ ነው። እውነትነቱን ለማጣራት የአቅማችሁን ያህል ከጣራችሁ ሕጉ ይተዋችኋል። የፖለቲካ ትችትንም እንደዚሁ። ችግሩ "ማወቅ ሲገባችሁ" የምትለዋ ሐረግ ናት፤ እንደ ተርጓሚዋ ትለጠጣለች።

ከታሰራችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ፤ አንቀጽ 19 ነው። የመንገዱ ጊዜ ግን አይቆጠርም፤ የጋይንትን መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ።