በሰም የሚጻፍ እንቁላል

ዩክሬናውያን ፋሲካን የሚያከብሩት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልደትንና ሌሎች ቀናቸው የማይለዋወጥ በዓላትን ወደ አዲስ አቆጣጠር አዛውራለች፤ ትንሣኤን ግን ዛሬም በጥንቱ ቀመር ታወጣዋለች። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን እኛ ስንገድፍ እነርሱም ገድፈዋል። ጾማቸውም እንደ እኛው እንቁላል አያስነካም። ዶሮ ግን ጾም አታውቅም፤ ይልቁንም ብርዱ አልፎ ቀኑ ሲረዝም መጣል ትበረታለች። በእነዚያ ሳምንታት የተጠራቀመው እንቁላል እኛ ቤት ዶሮ ወጥ የሚሠራበትን ቀን ይጠብቃል። እነርሱ ቤት ከፊሉ ለገበታ ይቀመጣል፤ ከፊሉ ግን አይበላም፤ በሰም ይጻፍበታል።

እንግዳ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። ተቀቅሎና በአንድ ቀለም ብቻ ተነክሮ በትንሣኤ ማለዳ የሚበላው ክራሻንካ ነው። በጥለት ተሞልቶ ለዓመታት የሚቀመጠው ደግሞ ፒሳንካ ይባላል፤ ይኸኛው አይቀቀልም። የፒሳንካ ኃይል በውስጡ ካለው ሕይወት ይመነጫል ተብሎ ስለሚታመን ድሮ ሴቶች አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተጣለ ጥሬ እንቁላል ይመርጡ ነበር። ዛሬ ብዙዎች በሁለት ጫፉ በመርፌ በስተው ውስጡን በእስትንፋስ ያስወጡታል። ጥሬውን የሚተዉትም አሉ፤ የእሱን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሙያው ዋና መሣሪያ ኪስትካ ነው። በአጭር የእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ በሽቦ የታሰረች፣ ከላይ ሰፋ ብላ ወደ ታች የምትጠብ ትንሽ የናስ ወይም የመዳብ ቱቦ ናት። ሠሪዋ ቱቦዋን በሻማ ነበልባል ታግልና የንብ ሰም ላይ ትጠቅሳታለች። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ በጠባቧ ቀዳዳ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወርዳል፤ ቅርፊቱን እንደነካ ይረጋል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚስተው ነገር አለ፤ የሚንቀሳቀሰው እጅ ሳይሆን እንቁላሉ ነው። ኪስትካ የያዘችው እጅ ጠረጴዛው ላይ ትደገፋለች፤ ሌላዋ እጅ እንቁላሉን በቀስታ ታዞራለች፤ ቀጥ ያለ መስመር የሚወጣው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጥበቡ ልብ ደረስን። በፒሳንካ ላይ ሰሙ የሚያርፈው መቀባት በሚገባው ቦታ አይደለም፤ ከቀለም መጠበቅ በሚገባው ቦታ ነው። ሠሪዋ በነጩ ቅርፊት ላይ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን መስመር ሁሉ በሰም ትሸፍናለች። እንቁላሉን ቢጫ ቀለም ውስጥ ትነክራለች። ሲደርቅ ቢጫ ሆኖ እንዲቀር የምትሻውን ትሸፍናለች። ቀጥሎ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ከብርሃን ወደ ጨለማ እንጂ ወደ ኋላ መመለስ የለም። በስህተት የወደቀች የሰም ጠብታ ሥሯ ያለውን ቀለም ይዛ ትቀራለች፤ መፋቅ ያበላሸዋል። ስለዚህ ገና ነጭ እንቁላል በእጇ ሳለ ጠቅላላው ጥለት በሐሳቧ ማለቅ አለበት፤ የትኛው መስመር በየትኛው ቀለም ጊዜ እንደሚሸፈን ቀድማ ማወቅ አለባት። እኔ ከእጅ ሙያዎች ሁሉ እንዲህ አርቆ ማሰብን የሚጠይቅ ጥቂት አይቻለሁ።

ከጥቁሩ ማቅለሚያ የወጣው እንቁላል ለዓይን የማይማርክ፣ ጠቃጠቆ የበዛበት ጥቁር ነገር ነው። በዚህ ደረጃ ልጆች ያዝናሉ። ከዚያ ሠሪዋ እንቁላሉን ከነበልባሉ በላይ ሳይሆን ከጎኑ ታስጠጋዋለች፤ በላይ ከያዘችው ጥቀርሻ ይለብሳል። ሰሙ ወዝ ሲያወጣ በለስላሳ ጨርቅ ወይም በሶፍት ትጠርገዋለች። ነጩ፣ ቢጫው፣ ቀዩ በተራ ይገለጣሉ። የሰዓታት ሥራዋ ምን እንደሚመስል እሷ ራሷም የምታየው ያኔ ነው።

ቀለሙ እንዲይዝ አቼቶ ያስፈልጋል። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ ላዩን በጥቂቱ ይበላውና ለቀለሙ መግቢያ ይከፍትለታል። የጣት ወዝ ደግሞ ቀለሙን ስለሚገፋ እጅ ሳይታጠቡ እንቁላል መንካት አይገባም። ዛሬ የሚሠራበት በአብዛኛው የፋብሪካ ዱቄት ቀለም ነው፤ ድሮ ግን የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሱፍ ፍሬ ገለባና የዛፍ ቅርፊት ተቀቅሎ ይወጣ ነበር። አንዲት እናት የቀለም አወጣጧን ለልጇ እንጂ ለጎረቤት አትነግርም ነበር። ሥራውም የሌሊት ነበር፤ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በጾሙ የመጨረሻ ሳምንታት፣ የቤቱ ሴቶች ብቻቸውን ተቀምጠው ይጽፉ ነበር።

ጥለቶቹ ከክርስትና በፊት የነበረውንና በኋላ የመጣውን አንድ ላይ ያስቀምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ988 ኪየቭ ከመጠመቋ በፊት ፀሐይና ኮከብ፣ አጋዘንና የስንዴ ዛላ የፀደይ ምልክቶች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ መስቀልና ቤተ ክርስቲያን ተጨመሩ፤ ዓሣውም ክርስቶስን መወከል ጀመረ። ሶሮኮክሊን የተባለው ጥለት እንቁላሉን በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል፤ ሦስት ማዕዘኖቹም ከጾሙ 40 ቀናት ጋር ይያያዛሉ። በካርፓቲያን ተራሮች የሚኖሩት ሁጹሎች፣ በተለይም የኮስማች መንደር ሰዎች፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑ መስመሮችና በብርቱካንማ ቀለም ይታወቃሉ። አንዱን መንደር ከሌላው በእንቁላሉ መለየት ይቻል ነበር።

ፒሳንካ የተሠራው ለመታየት ብቻ አልነበረም። ለልጆች ደማቁ፣ ለአረጋውያን ጠቆር ያለውና መሰላል የተጻፈበት ይሰጥ ነበር። ከብቶች በሚመገቡበት ግርግም ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ንብ ቀፎ ሥር ይደረግ ነበር፤ ሕፃን ሲሞት አብሮት ይቀበር ነበር። ሁጹሎች እንደሚሉት ክፉ ዘንዶ በሰንሰለት ታስሮ ይኖራል፤ በየዓመቱ ስንት ፒሳንካ እንደተጻፈ ያስጠይቃል። ጥቂት ከሆነ ሰንሰለቱ ይላላል፤ ብዙ ከሆነ ይጠብቃል። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የቅርፊቱ ነገር ነው። የተበላው የክራሻንካ ቅርፊት ወንዝ ውስጥ ይጣል ነበር፤ ሩቅ አገር ራህማን የሚባሉ ደጋግ ሰዎች ስላሉ፣ እነርሱም የቀን ቁጥር ስለማያውቁ፣ ቅርፊቱ ተንሳፍፎ ሲደርሳቸው ትንሣኤ መሆኑን ያውቃሉ ይባላል። በዓልን ለማያውቁት ሰው ለማድረስ መጨነቅ ትልቅ ነገር ነው።

በሶቪየት ዘመን ሃይማኖታዊ ልማድ ሲታፈን ፒሳንካ ከብዙ አውራጃዎች ጠፋ። የተረፈው በተራራ መንደሮችና ወደ ውጭ በተሰደዱት ዘንድ ነው፤ ምክንያቱም ለዚህ ሥራ ሻማ፣ ሰምና ጠረጴዛ ይበቃል፤ የሚዘጋ ሱቅ ወይም የሚወረስ ፋብሪካ የለውም። የስደተኞቹ ልጆች በካናዳ አልበርታ፣ በቬግረቪል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በነፋስ የሚዞር ግዙፍ የአሉሚኒየም ፒሳንካ አቁመዋል። የእንቁላልን ቅርጽ በጠፍጣፋ ብረት ለመገንባት የሒሳብ ችግር ስለነበረበት ስሌቱን የሠራው የኮምፒውተር ሊቁ ሮናልድ ሬሽ ነው። በዩክሬን ኮሎሚያ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ቁመቱ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ሙዚየም ተከፈተ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ይህን ወግ በዩክሬንና በኤስቶኒያ ስም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። እነዚህ ሁሉ ደስ ያሰኛሉ፤ እኔ ግን የማእድ ቤቱን ጠረጴዛ አስበልጣለሁ።

እንቁላል ለእኛም ከሃይማኖታችን ውጭ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰክቶ እናያለን፤ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል እግዚአብሔርም ከሕዝቡ ዓይኑን አያነሣም ለማለት ነው። ቅርፊት ላይ በሰም መጻፍ ግን የእነርሱ ነው። ለመሞከር የሚሻ ሰው ዋናው ዕቃ ደጁ ነው፤ ጧፍ የሚሠራበት ንጹሕ የንብ ሰም በገበያችን ሞልቷል። ኪስትካ ከሌለ ጭንቅላት ያላትን መርፌ በእርሳስ መጨረሻ ላጲስ ላይ ሰክቶ፣ ጭንቅላቷን የቀለጠ ሰም ውስጥ እየነከሩ ነጠብጣብና አጫጭር ጭረት መሥራት ይቻላል። ነጭ ቅርፊት ያለው ንጹሕ እንቁላል ይመረጥ። ለቢጫ እርድ፣ ለቡናማ ቀይ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ቀለም ሰሙን ያቀልጠዋል። በአንድ ብርጭቆ ቀለም አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጨመር። ለመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ቀለም ይበቃል።

ጥሬውን የተተወ ፒሳንካ ውስጡ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ አየር በሚያገኝበት፣ ፀሐይ ግን በማያየው ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ፀሐይ ቀለሙን ታጠፋዋለች፣ ሙቀት ደግሞ ውስጡን አግምቶ ሊያፈነዳው ይችላል። ከተሰነጠቀ ሽታው ቤት ያስለቅቃል። ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጡ የወጣለትን ቢጠቀም ይሻላል፤ በፋብሪካ ቀለም የተነከረውንም ማንም እንዳይበላው ለብቻው ያስቀምጥ።