የአንገት ሥር አጥንት ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በባኮ፥ እንደ ብዙው የአገራችን ገጠር ሁሉ፥ ወድቆ ትከሻው የተመታ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ወጌሻን ነው። ወጌሻውም ያሻል፥ ይስባል፥ ጠበቅ አድርጎ ያስራል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ ከደረት እስከ ትከሻ የተዘረጋው አጥንት በአዋቂ ሰው ላይ ሲሰበር ማሸቱም መሳቡም ለምን እንደማያስፈልግ ነው።

ከአምስት ስብራት አራቱ ያህል የሚደርሰው በአጥንቱ መካከል ነው። ያን ጊዜ የአንገት ጡንቻ የውስጡን ጫፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ የክንድ ክብደት ደግሞ የውጭውን ወደ ታች ያወርደዋል። በእጅ ቢመልሱትም እጅ ሲነሣ መልሶ ይዛነፋል። ስለዚህ የሕክምናው ዋና ነገር የክንዱን ክብደት መደገፍ ነው፤ ለዚህም በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ከአንገት ላይ የታሰረ ነጠላ ይበቃል። በስምንት ቍጥር ቅርጽ ሁለቱን ትከሻዎች የሚያስረው ፋሻ፥ የዴንማርክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፥ ሕመምተኛውን የበለጠ ሲያስቸግር እንጂ የተሻለ ውጤት ሲሰጥ አልተገኘም።

ማንጠልጠያው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ጣትና ክርን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ሕመሙ ሲበርድም ጎንበስ ብሎ ክንድን በዝግታ ማወዛወዝ ይገባል። አጥንቱ የሚገጥመው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፥ ጆንያ መሸከምና ከዕርፍ ጋር መታገል ሦስት ወር ያህል ይዘገያል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ስብራቱ በሰኔ ከደረሰ የበቆሎው ኩትኳቶ አይጠብቅም። ገበሬን «ዕረፍ» ማለት ለሐኪም ቀላል ነው፤ ደቦ የሚወጣለት ሰው ከሌለ ግን ምክሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኒር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ያለ ቀዶ ሕክምና ከተያዙ 2,235 ስብራቶች ሳይገጥሙ የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ይህ ቍጥር ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን አረጋግቷል። ይሁን እንጂ ጫፎቹ ፈጽሞ የተለያዩ የአዋቂዎች ስብራት ብቻውን ሲመረመር ከመቶ 15 ያህሉ ሳይገጥም ቀርቷል። ቀዶ ሕክምና ይህን ይቀንሳል፤ ግን ቁስል ሊያመረቅዝ፥ ብረቱንም ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

አጥንቱ ቆዳን ከቀደደ ወይም ገፍቶ ካነጣው፥ እጅ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ፥ ትንፋሽ ካጠረ፥ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ከባኮ ከአምቦ ይልቅ ነቀምቴ ይቀርባል። በሦስተኛው ወር የተሰበረው ቦታ ሲነካ አሁንም የሚላወስ ከሆነም እንዲሁ ነው።