ስለ ናፍጣ ፊልትሮና ስለ ሞተር ሚኒሞ

ከእንጦጦ ተራራ ሥር ባለው በቀጨኔ፥ ሸማኔው ከመወርወሪያው፥ ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃዋ ጋራ በሚውሉበት ሰፈር፥ ትራክተር ዘወትር የሚታይ መሣሪያ አይደለም፤ ሆኖም የገበሬውን ማሳ የምታርሰው ትንሽ ትራክተርና ጭነቷን ይዛ የቀጨኔን አቀበት የምትወጣው አሮጌ የጭነት መኪና በጠባይዕ አንድ የሆነ የናፍጣ ሞተር ስላላቸው፥ የሁለቱንም ባለቤቶች እኩል የሚያስጨንቅ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ባለንብረቱ ለሞተሩ ጤና አስቦ የናፍጣውን ፊልትሮ በአዲስ ካስለወጠ በኋላ፥ ሞተሩ በሚኒሞ፥ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር፥ ጸጥ ብሎ መሥራቱ ቀርቶ፥ አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ ማለቱ፥ አንዳንዴ ጨርሶ መጥፋቱ፥ አንዳንዴም ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ መዞሩ ነው። ንጹሕ ዕቃ የገባለት ሞተር እንዴት ይብስበታል ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው፤ መልሱም ከሞተሩ አሠራር ውስጥ ይገኛል።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1893 የፈጠራ መብቱን አግኝቶ፥ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ያስመሰከረው ሞተር፥ ካንዴላ ሳያስፈልገው፥ በብርቱ ከታመቀ አየር በሚወጣው ትኩሳት ብቻ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ነበር። በዚያ ዘመን ግን ነዳጁ የሚረጨው በታመቀ አየር ኃይል ስለ ነበረ፥ ሞተሩ ግዙፍና ከቦታው የማይነቃነቅ ሆኖ ቆየ፤ ወደ ካሚዮንና ወደ ትራክተር በሰፊው ሊገባ የቻለው የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ በ1927 የናፍጣ መርጫ ፖምፓን በብዛት መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። በዚህ ፖምፓ ውስጥ የሚመላለሰው ትንሽ ፒስተን ከእቅፉ የሚለያይበት ክፍተት ጥቂት የሚሊሜትር ሺሕኛዎች ብቻ ሲሆን፥ የሰው ጠጕር ውፍረት ግን ወደ 70 ሺሕኛ ይደርሳል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን በወንፊት ሳትነፋ ብታቦካው የቀረው ጠጠር እንስራውን በእሳት ውስጥ እንደሚሰነጥቀው፥ ዐይን የማያየው ትቢያም ይህን ረቂቅ ሥራ ይፍቀዋል፤ ስለዚህም ከተጣጠፈ ወረቀት የተሠራው ፊልትሮ በነዳጁ መንገድ ላይ ተሾመ።

አሁን ወደ ሚኒሞው እንመለስ። ሞተር በሚኒሞ ሲዞር፥ በደቂቃ 800 ወይም 900 ጊዜ ያህል፥ በእያንዳንዱ ርጭት የሚወስደው ናፍጣ ከአንዲት ጠብታ እጅግ ያነሰ ነው፤ ይህንንም ደቂቅ መጠን የሚመጥነው፥ ፍጥነቱ ሲቀንስ ነዳጅ የሚጨምር፥ ሲበዛም የሚገታ፥ ገቨርነር የሚባለው ተቈጣጣሪ ነው። ናፍጣ ቢጫኑት አይጨመቅም፥ አየር ግን ይጨመቃል፤ እንግዲህ ፊልትሮው ሲለወጥ ባዶ ከሆነው ቤት አንዲት የአየር አረፋ ወደ ፖምፓው ብትደርስ፥ የፒስተኑ ግፊት አረፋዋን በመጭመቅ ያልቅና ነዳጁን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ኖዝል ሳይከፈት ይቀራል፥ ሲሊንደሩም ያለ እሳት ያልፋል። ፍጥነቱ መውደቁን ያየው ገቨርነር ነዳጅ ይጨምራል፤ አረፋዋ ግን አሁን አልፋለችና የተጨመረው ሁሉ ይነድና ሞተሩ ይፈጥናል፤ ወዲያው ገቨርነሩ ይገታዋል፥ ሌላ አረፋም ትከተላለች። ያ የሚያስጨንቀው ከፍና ዝቅ ማለት እንግዲህ ገቨርነሩ በታማኝነት ሥራውን ሲሠራ የሚሰማ ድምፅ ነው እንጂ የገቨርነሩ በሽታ አይደለም።

በቀጨኔ ይህን ሁሉ በከፍታው የሚያሳብብ ሰው አይጠፋም። ሰፈሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ፥ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል መሆኑ እውነት ነው፤ በአቀበት ላይ ከጭነት መኪናው የሚወጣው ጥቁር ጢስም የዚሁ የአየር ማነስ ምስክር ነው። በሚኒሞ ግን ነዳጁ ጥቂት ስለ ሆነ አየሩ ይተርፋል እንጂ አያንስም፤ ስለዚህ ከፍታው በዚህ ክስ ንጹሕ ነው። ሆኖም የነዳጁ ጋን ከፖምፓው በታች በሆነበት ሞተር ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ይኸው የከባቢ አየር ግፊት በመሆኑ፥ የተደፈነ ፊልትሮም ሆነ የላላ ማሰሪያ በደጋ ቶሎ ይታወቃል።

ብዙ ጊዜ የማየውና አጥብቄ የምቃወመው ነገር፥ ሚኒሞው ሲናወጥ መጀመሪያ የሚኒሞውን ብሎን ማዞር ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ሞተሩ የሰጠውን ምስክርነት ይደመስሳልና። መጀመሪያ የሚገባው በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ብሎን አላልቶ፥ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪፈስስ ድረስ የእጅ ፖምፓውን መምታት፥ ቀጥሎም በመርጫው ፖምፓ ላይ እንዲሁ ማድረግ ነው። ከዚያም በኋላ ሞተሩ ካልረጋ፥ የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ታስሮ እንደ ሆነ ይመርመር። በመሳቢያው በኩል ያለ ክፍተት አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ስለሚችል፥ ደረቅ ሆኖ መታየቱ አያታልል፤ ከፖምፓው በፊት ለጊዜው አንድ ክንድ የሚያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ቢገባበት አረፋው በዐይን ይታያል።

ሚኒሞው ሳይናወጥ ከፍ ብሎ ከቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምናልባት አሮጌው ፊልትሮ እየተደፈነ ሲሄድ፥ ሞተሩ እንዳይጠፋ ብሎኑን ያጠበቀ እጅ ነበረ፤ ወይም በሥራው ጊዜ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተነክቶ ይሆናል። ገመዱ ከታየ፥ አየሩ ከወጣ፥ ሞተሩም ከሞቀ በኋላ ብሎኑን ወደ ልኩ መመለስ ያን ጊዜ ተገቢ ነው።

አየሩን ፈርተው አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን ሞልተው የሚያስሩ መካኒኮችም አሉ። ይህ ግን አደጋ አለው፤ የፊልትሮው የመሐል ቀዳዳ ወደ ፖምፓው የሚሄድ የንጹሑ ነዳጅ መውጫ ነውና በዚያ የፈሰሰ ያልተጣራ ናፍጣ ፖምፓውን ያለ ጠባቂ ያገኘዋል፤ መሙላት ግድ ከሆነ በዙሪያው ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ይሁን። በክረምት ደግሞ ጐደሎ በሆነ የነዳጅ በርሜል ውስጥ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ ሲፈራረቁ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ከሥር ይጠራቀማልና፥ በርሜሉ ሳይነቀነቅ አድሮ ነዳጁ ከላይ ይቀዳ፤ ከፊልትሮው ሥር ያለው የውሃ ማጠራቀሚያም ሞተሩ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ይፍሰስ።