ቡቺን ይዞ ጀልባ ላይ

ቤተሰብ ለቅዳሜና እሁድ ወጣ ለማለት ሲሰናዳ ለሁሉም ነገር መላ ይገኛል፤ ለልጆቹ ልብስ፣ ለዋናው ዕቃ፣ ለመንገዱ ቆሎና ውኃ። መኪናው ሊነሳ ሲል ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ውሻውስ? የብዙዎቻችን መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ለዘበኛው ወይም ለጎረቤት አደራ ይባልና ቡቺ ሁለት ቀን ከሰንሰለቱ ጋር ይከርማል። ውሻ ግቢ ጠባቂ ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ማንንም አያስጨንቅም ነበር። አሁን ሳሎን ውስጥ ያደገ፣ ስሙ ሲጠራ ከልጆቹ ቀድሞ የሚደርስ ውሻ ያለባቸው ቤቶች በአዳማም በአዲስ አበባም ሞልተዋል። ልጆቹም «እሱ ካልሄደ አንሄድም» ማለት ጀምረዋል።

እንግሊዞች ለዚህ ጥያቄ ደስ የሚል መልስ አላቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ከሰል ለማመላለስ በተቆፈሩ ቦዮቻቸው ላይ ወርዳቸው ሁለት ሜትር ብቻ የሚሆን ረጃጅም ጀልባዎች ይሄዳሉ። ድሮ በፈረስ ይጎተቱ ነበር፤ ዛሬ አልጋና ማድቤት ተገጥሞላቸው የቤተሰብ መዝናኛ ሆነዋል። የፍጥነት ገደባቸው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን ስለሆነ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥኑም። ብርዱ አልፎ ዛፉ ማበብ ሲጀምር ቤተሰቡ ይሳፈራል፤ ውሻው ከፊት ይቀመጣል፣ ሲሰለቸው ወርዶ በዳርቻው መንገድ እየሮጠ ይከተላቸዋል።

እኛ ጋ ይህ በወንዝ አይሞከርም። በአገራችን ለመርከብ ጉዞ ሲያገለግል የኖረው ባሮ ነው፤ በክረምት ውኃው ሲሞላ ከካርቱም የሚነሱ መርከቦች ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር። አዋሽ በአዳማ አጠገብ ቢያልፍም አዞ ያለበት ወንዝ ነውና ሶደሬ ላይ ሆኖ ከሩቅ ማየቱ ይበቃል። የእኛ ቦዮች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው። ወቅቱም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው፤ አቧራው ገና አልተነሳም፣ ኮረብታው አረንጓዴ ነው፣ ፀሐዩም እንደ ሚያዝያ አያቃጥልም። ነገር ግን ለሰው የሚያምር ሐይቅ ሁሉ ለውሻ አይሆንም። ሐይቁን የምንመርጠው በፎቶው ከሆነ ጉዳቱን የሚከፍለው ውሻው ነው፤ አንዳንዴም ልጆቹ።

ከጀልባው በፊት የሚቀድም ወረቀት አለ፤ የክትባት ካርድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ስርጭት እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎችም 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ዓሣ በሚራገፍበት የጀልባ መሳፈሪያ ሁሉ ባለቤት አልባ ውሾች አይጠፉም፤ የእኛ ውሻ ከእነሱ ጋር መናከሱ የማይታሰብ ነገር አይደለም። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገምለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ ደግሞ ክትባቱ እስኪሠራ አንድ ወር ያህል ቤት ይቆይ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚጠፋው ቀን ሕይወት ያስከፍላል።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ቢሾፍቱን ነው። ከአዳማ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ሐይቆቿ ጉማሬም አዞም የለባቸውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ስላለም ቡቺ ድንገት ቢታመም ከተማዋ ባዶ እጇን አይደለችም። ከሐይቆቹ ደግሞ ኩሪፍቱ ጥልቀቱ አነስ ያለ፣ ዳርቻውም ለጥ ያለ በመሆኑ ይሻላል። ባቦጋያ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው፣ ገደሉም ከውኃው ዳር ይጀምራል። ውሻ ዋና ቢችልም መውጫ ካጣ ዙሪያውን ሲዋኝ ይደክማል። መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ግን ቢሾፍቱን ይርሱት። ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ የሚከበርበት ቀን ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ለምስጋና በሚወጣበት ቦታ ውሻ መጎተት ለበዓሉም ክብር አይሆንም፣ ለእንስሳውም ጭንቀት ነው።

የእኛ ቡቺ የመጀመሪያ ቀን ኩሪፍቱ ላይ እግሩ ጀልባውን ሲነካ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጀልባ ነጂው የልጅ አባት ነበር፤ «እህቴ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ትንሽ እንቀመጥ» አለኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ከመሳፈሪያው ሳንርቅ ተቀመጥን። ቡቺ ወለሉን አሸተተ፣ የልጄን ጫማ ላሰ፣ ከዚያ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ሲያይ ጭራው አያርፍም። የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ከአንገት ማሰሪያ ይልቅ ደረቱን የሚይዝ፣ ከላይ እጀታ ያለው ማሰሪያ ይሁን፤ ቢወድቅ በእሱ አንጠልጥሎ ማውጣት ይቻላል። ገመዱን ግን ጀልባው ላይ ፈጽሞ አይሰሩት። ጀልባው ቢገለበጥ አብሮ ይዞት ይሰምጣል። ሁልጊዜ አንድ አዋቂ በእጁ ይያዘው፤ ያ አዋቂ ደግሞ ሕፃን የያዘ አይሁን። ለልጆቹ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይሰጥ «አጭር መንገድ ነው» የሚል ጀልባ ላይ አለመሳፈር ነው።

ለአዳማ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ቆቃ ነው። ቆቃ የጣሊያን መንግሥት በከፈለው የጦር ካሣ በአዋሽ ላይ ተገድቦ እ.ኤ.አ. በ1960 ኃይል ማመንጨት ሲጀምር የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ለእይታ ያምራል፤ ውሻ ይዞ ለመሄድ ግን አልመክርም። ጉማሬና አዞ አለበት፤ እምቦጭ በአገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ የተመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ውኃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚያስመስል፣ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ደቃቅ ሕይወት በብዛት እንደሚራባበት ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ይህ ነገር ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ሰው አረንጓዴ ውኃ አይቶ አይጠጣም። ውሻ ግን ይጠጣል፣ ዋኝቶ ሲወጣም ጸጉሩን ይልሳል። ስለዚህ በየትኛውም ሐይቅ ቢሆን ዳርቻው ላይ አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ከታየ ውሻውን ወደ ውኃው አለማስጠጋት ነው። የሚጠጣውንም ውኃ ከነሳህኑ ከቤት ይዞ መሄድ።

ባቱ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ደግሞም ይጣፍጣል። ከሞጆ በመቂ በኩል በፍጥነት መንገዱ ሲሄዱ ደንበል፣ በለመድነው ስሙ ዝዋይ ሐይቅ፣ ብዙም ሳይቆይ ይደረሳል። መሳፈሪያው ላይ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ቆመው የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ ፔሊካኖቹ ውኃው ላይ ናቸው። ልጆች እዚህ ቦታ ሰዓታት ቢቆዩ አይሰለቻቸውም። ውሻ ግን የዓሣ አጥንት እንዳይውጥና ወፎቹን እንዳያባርር ገመዱ አጠር ብሎ መያዝ አለበት። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ የጀልባ ነጂዎቹ ዋና ትርዒትም እሱን ማሳየት ነው። የሚጮህ ውሻ ይዞ ጉማሬ መጠጋት እብደት ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት «ወደ ጉማሬው አንሄድም» ብላችሁ ተስማሙ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ጠዋት ወጥቶ ከምሳ በፊት መመለስ ይሻላል። ደንበል የብልሃርዚያ ስጋት ያለበት ስለሆነ ልጆቹ እጃቸውንም ቢሆን ውኃው ውስጥ ባያስገቡ ጥሩ ነው።

ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። በላዩ ያለው የማርያም ጽዮን ገዳም በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ ያረፈበት እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ ደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛዮችም የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ሕዝብ ናቸው። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ገዳሙን ለማየት ያሰበ ቤተሰብ ያን ቀን ቡቺን ይዞ አይምጣ። በተራ እየጠበቅን እናያለን የሚለው ዕቅድ በተግባር አባወራውን ፀሐይ ላይ ከውሻ ጋር ሦስት ሰዓት ማስቀመጥ ማለት ነው።

ጀልባ ነጂውም የራሱ እምነት አለው። በብዙ ሙስሊሞች ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ ልብሱን ወይም ጀልባውን ቢነካበት ከሶላት በፊት ማጠቡ ግድ ነው። በስልክ ስትነጋገሩ «ውሻ አለን፣ የራሳችንን ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ ደስ ካላላችሁ ሌላ እንፈልጋለን» ማለት ብዙ ነገር ያቃልላል። መሳፈሪያው ላይ ደርሶ በድንገት ውሻ ከመኪና ማውረድ ግን ሰውየውን በእምነቱና በእንጀራው መካከል ማስጨነቅ ነው።

አዳር ካሰባችሁ ላንጋኖ አለ። ቡናማ መልኩ ቆሻሻ ሳይሆን የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው፤ አሸዋማ ዳርቻው ለውሻ ሩጫ ይመቻል። ችግሩ ማደሪያው ነው። በአንድ ወቅት ክፍል አስይዘን፣ ውሻ እንዳለን በስልክ ነግረን፣ በር ላይ ስንደርስ «ውሻ አይገባም» ተብለን ተመልሰናል። ከዚያ ወዲህ ፈቃዱን በጽሑፍ መልእክት ሳልቀበል ቅድሚያ ክፍያ አልከፍልም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይሆናል፣ ይህን ሳይ ዝም ማለት ያቅተኛል፤ ከሳር ሜዳው ጫፍ ሁለት ክፍል ለይቶ፣ የክትባት ካርድ ጠይቆ፣ የጽዳት ተጨማሪ የሚያስከፍል ሪዞርት እነዚህን ቤተሰቦች በሙሉ ይወስዳል። ማስታወቂያም ብዙ አያስፈልገው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይቀሰቅሱለታል።

ማታ ቤት ስትደርሱ ቡቺን በንጹሕ ውኃ አጥቡት፣ ጆሮውን አድርቁለት፣ መዥገር እንዳይኖር በጣቶቹ መካከልና በጆሮው ሥር ፈትሹ። በሚቀጥሉት ቀናት ካስመለሰው፣ ከተቅማጠ ወይም ምግብ ከጠላ የእንስሳት ሐኪሙን ስታነጋግሩ የትኛው ሐይቅ ላይ እንደዋለ መንገር አትርሱ።