ዘረመልን ወደ ዕጢ ሕዋሳት የማስገቢያ ዘዴዎች

ዘረመልን ወደ ዕጢ ሕዋሳት ማስገባት የካንሰር የጂን ሕክምና መሠረት ነው። ዓላማው ለካንሰሩ ሕዋስ የጎደለውን ዘረመል መመለስ፣ ሕዋሱን መግደል ወይም የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት በዕጢው ላይ ማነሳሳት ነው። ዲኤንኤ ብቻውን ወደ ሰውነት ቢገባ ግን በኢንዛይሞች ቶሎ ይቆራረጣል፤ የሕዋስን ሽፋንም በቀላሉ አያልፍም። ስለዚህ የሚያስገባው ዘዴ ያስፈልገዋል።

በቫይረስ

ቫይረስ በተፈጥሮው ዘረመሉን ወደ ሕዋስ የሚያስገባ በመሆኑ ብቃቱ ከፍተኛ ነው። ሬትሮቫይረስ የተሸከመውን ዘረመል ከሕዋሱ ክሮሞሶም ጋር ስለሚያዋህድ ውጤቱ ይቆያል። ሆኖም የሚሠራው በሚከፋፈሉ ሕዋሳት ላይ ብቻ ነው፤ ባልተፈለገ ቦታ ከገባም ጤናማውን ሕዋስ ካንሰራማ ሊያደርግ ይችላል። አዴኖቫይረስ የማይከፋፈሉ ሕዋሳትንም ይይዛል፤ ከክሮሞሶም ጋር ስለማይዋሃድ ውጤቱ ጊዜያዊ ነው። ሊሞት ለሚገባው የካንሰር ሕዋስ ግን ይህ ብዙም ጉድለት አይደለም። ዋናው ችግር ብዙ ሰዎች ቀድሞ በአዴኖቫይረስ ስለተያዙ ሰውነታቸው ቫይረሱን ዕጢው ዘንድ ሳይደርስ ሊያጠፋው መቻሉ ነው።

ያለ ቫይረስ

ሊፖሶም ዲኤንኤን የሚሸከም ከስብ የተሠራ ደቃቅ ከረጢት ነው። በኤሌክትሮፖሬሽን ደግሞ አጭር የኤሌክትሪክ ምት በሕዋሱ ሽፋን ላይ ለአፍታ ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ ዲኤንኤውም በዚያ ይገባል። እነዚህ ዘዴዎች ረጅም ዘረመል መሸከም ይችላሉ፤ የሰውነትን መከላከያም እንደ ቫይረስ አያስቆጡም። ነገር ግን ከዲኤንኤው ወደ ሕዋሱ ኒውክለስ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። ኤሌክትሮፖሬሽን በተጨማሪ የኤሌክትሪክ መርፌ ሊደርስበት የሚችል ዕጢ ይፈልጋል።

ንጽጽር

የትኛውም ዘዴ በዕጢው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሕዋስ አያዳርስም፤ የተረፉት ደግሞ እንደገና ይባዛሉ። ለዚህም ነው የጸደቁት መድኃኒቶች በደም ሥር ሳይሆን በቀጥታ ዕጢው ባለበት ቦታ የሚሰጡት። በ2003 እ.ኤ.አ. ቻይና ያጸደቀችው ጄንዲሲን ፒ53 የተባለውን ዘረመል በአዴኖቫይረስ ወደ ጭንቅላትና አንገት ካንሰር ያስገባል። በ2015 በአሜሪካ የጸደቀው ቲቬክ የተለወጠ የሄርፒስ ቫይረስ ሲሆን ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ዕጢ ውስጥ ይወጋል። ቫይረሱ የገባባቸውን ሕዋሳት ያፈርሳል፤ የተሸከመው ዘረመል ደግሞ የመከላከያ ሥርዓቱን ይጠራል። በ2022 የጸደቀው ናዶፋራጂን የኢንተርፌሮንን ዘረመል በየ3 ወሩ ወደ ሽንት ፊኛ ያስገባል። ከእነዚህ የኋለኞቹ ሁለቱ ዘረመሉ ያልደረሳቸውን ሕዋሳት ለሰውነቱ መከላከያ ይተዋሉ።