«ኦርጂናሉ» የትኛው ነው?

አዳማ ውስጥ ለሰርግም ለሆቴል መድረክም ባንድ የሚያዘጋጅ ሰው አዘውትሮ የሚሰማው ትእዛዝ «እንደ ኦርጂናሉ ይሁንልን» የሚል ነው። ዘፋኙ ስልኩን አውጥቶ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ኪቦርዲስቱ ቴምፖውን በቁጥር ይይዛል፣ ቤዙ መስመሩን ይለቅማል፣ ልምምድ ይጀመራል። ቢሾፍቱም ባቱም ሻሸመኔም ሥራው የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከልማዱ ጀርባ ያለው እምነት ዘፈን አንድ ትክክለኛ መልክ አለው፣ እሱም መጀመሪያ የተቀዳው ነው የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የማልስማማበትን ምክንያት ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ደግሞ ከእኛ ሰፈር ሙዚቃ ርቆ ያለ ነገር ነው፤ የሙዚቃ ደራሲውን የጉስታቭ ማህለርን ሲምፎኒዎች የተለያዩ ኮንዳክተሮች እንዴት እንደቀዷቸው ጎን ለጎን መስማት።

አምስተኛውን ሲምፎኒ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1904 ኮሎኝ ላይ ነው መጀመሪያ የቀረበው። አራተኛው ክፍል፣ አዳጂየቶ የሚባለው፣ በባለክር መሣሪያዎችና በበገና መሰሉ ሃርፕ ብቻ የሚጫወት ነው። ቪለም ሜንገልበርግ በ1926 አምስተርዳም ውስጥ ሲቀዳው 7 ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ብሩኖ ቫልተር በ1938 ቪየና ላይ በ8 ደቂቃ ገደማ ጨረሰው። ካራያን በ1973 ወደ 12፣ በርንስታይን በ1987 ወደ 11 ደቂቃ ወስደውበታል። ሄርማን ሼርሼን ደግሞ በ1964 ፊላደልፊያ ላይ 15 ደቂቃ አደረሰው። ከሜንገልበርግ ጋር ሲተያይ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ኖታው ግን ያው ነው፤ አንድም ድምፅ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ማህለር መግቢያው ላይ «በጣም ዝግ ብሎ» ብሎ ጻፈ፣ የሜትሮኖም ቁጥር አልሰጠም፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «አትጎትቱ» አለ። በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ለመሪው ተወለት።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ክርክር አለ። የጥንቱ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 4 ደቂቃ ያህል ነው፤ ታዲያ የድሮዎቹ የፈጠኑት ሙዚቃው ስለፈለገ ሳይሆን ሸክላው ስላጣደፋቸው አይደለም ወይ? ክርክሩ በከፊል እውነት አለው፣ ግን አያዋጣም። ማህለር ራሱ በመድረክ ሲመራ፣ ሸክላ በሌለበት አዳራሽ፣ ይህ ክፍል የፈጀበት ጊዜ ሰባት ደቂቃ ገደማ እንደነበር ይነገራል። ሜንገልበርግም ማህለርን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሙዚቃውን ለማህለር ሚስት ለአልማ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ ነው ብሎ በኖታው ላይ አስፍሯል። ኋላ ላይ ሙዚቃው የሐዘን ሆነ። በርንስታይን በሰኔ 1968 በሮበርት ኬኔዲ ቀብር ላይ አስጫወተው፤ በ1971 ደግሞ የቪስኮንቲ «ሞት በቬኒስ» ፊልም ማጀቢያ ሆነ። ሼርሼን ከሁለቱም ቀድሞ ስለዘገየ ጥፋቱን ሁሉ በቀብሩና በፊልሙ ላይ መጫን አይቻልም። ሆኖም የብዙ አድማጭ ጆሮ «ትክክለኛው ፍጥነት ይህ ነው» ብሎ የያዘው ሙዚቃው ለእንባ ከዋለ ወዲህ ይመስለኛል።

«እንግዲያው ሁሉም የጣዕም ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ ሰነፍ ነው። ሃርፕ ተቆንጥጦ የሚጮህ መሣሪያ ነው፤ ክሩ እንደተነካ ድምፁ መሞት ይጀምራል። ፍጥነቱ በጣም ከቀነሰ ሁለተኛው ድምፅ ሳይደርስ የመጀመሪያው ያልቃል፤ ዜማውን ከሥር የሚደግፈው የሃርፕ መስመር ይበጣጠሳል። ቫዮሊኑም ረጅሙን ድምፅ በአንድ የቀስት ጉዞ መጨረስ ስለማይችል መሃል ላይ ቀስት ይመልሳል። ጎበዝ ኦርኬስትራ ይህን ይሸፍነዋል፣ ግን የሚሸፍነው ነገር መኖሩን ጆሮ ያውቃል። በሼርሼን ቀረጻ ላይ ብዙ ውበት አለ፤ ዘፈን ግን አይሰማኝም።

ይህ የክር ሕግ ለእኛም ይሠራል። ትዝታ በክራር ሲጫወት በረጅሙ ድምፅ ሥር ጣት ያለማቋረጥ ይቆነጥጣል፤ ዝምታውን የሚሞላው እሱ ነው። ኪቦርድ ላይ «ስትሪንግ» የሚባለውን ድምፅ ስንከፍት ግን ጣት እስካልተነሳ ድረስ አይሞትም፤ ስለዚህ ዘፈኑን እንዳሻን ማዘግየት እንችላለን፣ እናዘገየዋለንም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ያረፈው ድምፃዊ አሊ ቢራ ዑድም ጊታርም ይዞ፣ አገር ውስጥም ውጭም ከተለያዩ ባንዶች ጋር የሠራ ሰው ነው። ሥራዎቹን ዛሬ በኪቦርድ ብቻ ስንጫወት መሣሪያ ብቻ የቀየርን ይመስለናል፤ ፍጥነቱን ያስገደደውንም ምክንያት አብረን አንስተናል።

በእኛም አገር መሪና አቀናባሪ ጠፍቶ አያውቅም። ኬቮርክ ናልባንዲያን አርባዎቹን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ይዞ እ.ኤ.አ. በ1924 አዲስ አበባ ገባ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ባንዱን አሠለጠነ፣ አቀናበረ። አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መርቷል። እኛ ግን «የጥላሁን ዘፈን» ብለን እናልፋለን፤ የማን ቅንብር እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎችም በአንድ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚይዙ ናቸው። «ኦርጂናሉ» ካበቃበት ቦታ ላይ ስናበቃ፣ አንዳንዴ የምናከብረው የዘፋኙን ውሳኔ ሳይሆን የሸክላውን ስፋት ነው።

ገንዘብ ከፍሎ ባንድ የጠራ ሰው ግን የሚጠብቀው ትዝታውን ነው ቢባል እውነት ነው። ሰርግ ላይ አዲስ ትርጓሜ ልስጥ ማለት ሙሽሮቹን መበደል ነው፤ እዚያ እንደ ኦርጂናሉ ይሁን። ልምምድ ክፍሉ ግን ሌላ ነው። እዚያ ከአንድ ቀረጻ በላይ ሳይሰማ ማንም መሣሪያ ማንሳት የለበትም። ሁለቱን ሰምቶ የትኛው እንደሚበልጥ መከራከር ብዙም አይጠቅምም። ይልቅ ዘፋኙ ያለ ባንድ፣ ግጥሙን ብቻ፣ በሚመቸው ትንፋሽ ይበለው፤ ሁለት ቀረጻዎች የሚለያዩበት ቦታ ላይ ለምን እንደተለያዩ ባንዱ ይነጋገር፤ ክራሩ ወይም ዑዱ በዚያ ፍጥነት ድምፁ ይደርስ እንደሆነ ይሞከር። ቁጥሩ ኪቦርዱ ላይ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።