የርጭት አውሮፕላን አደጋ መከላከያው ከምድር ይጀምራል

ወላይታ ሶዶ፦ በ2012 ዓ.ም. የካቲት ወር የበረሃ አንበጣ መንጋ የስምጥ ሸለቆን ተከትሎ ወደ ደቡቡ የሀገራችን ክፍል ሲዘልቅ፣ አርሶ አደሩ ጣሳ እየደበደበና እየጮኸ ከማሳው ለማባረር ሲታገል ከርሟል። መንጋው ከሰው ጉልበት በላይ ሲሆን የሚጠበቀው የርጭት አውሮፕላን ነው። ሰብል ለማዳን የሚመጣው አውሮፕላን ግን ራሱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በተለይ በሥልጠና በረራ ወቅት ሥጋቱ ከፍ ይላል።

ለርጭት የሚሠለጥን አብራሪ ከመጀመሪያው መብረር የሚችል ነው። አዲስ የሚሆንበት ዝቅ ብሎ መብረሩ ነው። ርጭት የሚካሄደው ከሰብሉ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ተብሎ ነው። የማሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ አብራሪው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዞሮ ይመለሳል። በዚህ ቅጽበት ፍጥነቱ ከቀነሰ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል፤ ለማስተካከል የሚበቃ ከፍታም የለም። ሠልጣኞች በኬሚካል ፈንታ ውኃ ጭነው የሚለማመዱትም ለዚህ ነው።

የቦታው ከፍታም ሌላ ፈተና ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑም 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ያህል ጉልበቱ ይቀንሳል። ማለዳ መርጨት ተመራጭ የሆነው ኬሚካሉን ነፋስ እንዳይወስደው ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

በዝቅተኛ በረራ ላይ ዋነኛው ጠላት ሽቦ ነው። ምሰሶው ከሩቅ ይታያል፤ ሽቦው ግን ከአፈሩና ከሰብሉ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ወላይታ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመሮች መገናኛ ነው። ከግልገል ጊቤ ሦስት የሚነሳው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር ሶዶን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ያመራል፤ ወደ ኬንያ የሚሄደው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመርም መነሻው ሶዶ ነው። በየቀበሌው የተዘረጉት ትንንሽ መስመሮች ሲጨመሩ ሥጋቱ ይሰፋል።

ሀገራችን በዘርፉ እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1970ዎቹ መጨረሻ አግ ካት የተሰኘውን የርጭት አውሮፕላን «እሸት» በሚል ስም ገጣጥሟል። የዚህ አውሮፕላን የኬሚካል ታንክ የተቀመጠው ከአብራሪው ፊት ነው። አደጋ ሲያጋጥም ሸክሙ ከኋላ መጥቶ አብራሪውን እንዳይጫነው ታስቦ ነው። ይሁንና የትኛውም አሠራር በካርታ ላይ ያልሰፈረን ሽቦ አያስቀርም።

ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከርጭት በፊት የሽቦዎችን፣ የረጃጅም ዛፎችንና የምሰሶዎችን ቦታ ለአብራሪው ማስረከብ ይጠበቅባቸዋል። ንብ አናቢዎች ቀፏቸውን አስቀድመው እንዲሸፍኑ ወይም እንዲያርቁ፣ ከብትና ሕፃናት ከማሳው እንዲርቁ ማሳወቅም ግድ ነው። የወላይታ ማሳ ጠባብ፣ እንሰቱም ከጓሮ የማይርቅ በመሆኑ መልእክቱ በየቤቱ መድረስ አለበት። አብራሪው አደጋ ሲገጥመው የጫነውን ኬሚካል በሰከንዶች ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊደፋው ስለሚችል፣ አውሮፕላኑ ከሚመላለስበት ማሳ ሥር ቆሞ ማየት አደገኛ ነው።

አውሮፕላን ቢወድቅ ለእርዳታ የሚቀርብ ሰው ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቅረብ፤ እሳትና ሲጋራ ይራቅ። ኬሚካል የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ ገላውን በውኃና በሳሙና ይታጠብ። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የኬሚካሉ ስም አብሮ ይነገር፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመርጠው በዚያ ነው። አካባቢው ያለ ምንጭና ወንዝ እስኪጣራ ድረስ አይቀዳ፣ ከብትም አይጠጣበት። ስብርባሪውም መርማሪዎች እስኪደርሱ አይነካ። የምርመራው ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን ቀጣዩን አደጋ ማስቀረት ነውና፣ የተነሳች አንዲት ብሎን ምክንያቱን ልትደብቅ ትችላለች።

ቀጣዩ መንጋ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። የሽቦው ካርታ ግን ዛሬውኑ መሠራት ይችላል።